በጥርስ የተሰማ ዘፈን

ጥቅምት 3

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? እትዬስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከአለቃዬ ጭቅጭቅ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ደብዳቤዎ ሱቁ ድረስ መጣልኝ። ፖስታው ላይ «ለሚጢጢ፣ የስልክና የራዲዮ ጥገና» ብለው ስለጻፉበት አለቃዬ የቤት ስሜን አወቀው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደንበኛ ፊት ሳይቀር ሚጢጢ እያለ ይጠራኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ ጋሼ!

የጠየቁኝን ሳነብ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። ራዲዮው እንደሞተብዎት፣ ያለ ሙዚቃ የጎረቤት ወንበር መጠገን እንደሰለቸዎት ነግረውኝ «ኪስ የማይጎዳ ዘዴ ካለ ጻፊልኝ» ብለዋል። አለ! መዓት አለ! ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቀኛል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ መሰለዎት?

አዲስ ዕቃ እንዳይገዙ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኬን ልኬያለሁ። ሲም ካርድ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ከአራት መቶ በላይ ዘፈን ጭኜበታለሁ፤ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ይጫወታል። የእንጨት ብናኝ በቻርጀሩ ቀዳዳ ገብቶ እንዳይደፍነው በስስ ፌስታል ይጠቅልሉት፤ በፌስታሉ ላይ ቢነኩትም ይታዘዛል። ድምፁን ከፍ ለማድረግ ደግሞ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ያቁሙት። አይሳቁ፤ ይሞክሩት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ማዳመጫ ጆሮዎ ውስጥ ከተው መጋዙን እንዳይነኩት። ማሽን ሲነሣ መስማት አለብዎት።

ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሡልኝም። ደህና ናችሁ አይደል?

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 24

ይድረስ ለሚጢጢዬ፣

ሰላም ነሽ ወይ ልጄ? እኛ ደህና ነን። እትዬሽ ጉልበቷን የሚያማት ደረጃ ስትወጣ ብቻ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ያለው ደረጃ ደግሞ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም በየቀኑ ትራገማቸዋለች።

ስልክ ስላላነሣሁ ይቅርታ። እኔና ስልክ አልተስማማንም። በስልክ የተባለ ነገር ይተንብኛል፤ ደብዳቤ ግን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ሦስት አራት ቀን አብሮኝ ይውላል። ከእንግዲህ ጻፊልኝ እንጂ አትደውዪ።

ስልኩ በሰላም ደረሰ። ፌስታሉ ያልሽውን ያህል ሠራ፤ ባልዲውም አልከፋም። ግን ምን ያደርጋል፣ ውስጡ ያለው ዘፈን እንደ ታሰረች ንብ ነው የሚለው። ዘፋኟ ያለች ይመስለኛል፤ ከበሮው ግን የትም የለም። ጭንቅላቴን ባልዲው ውስጥ ከትቼ ሳዳምጥ እትዬሽ ደርሳ «ምን ወደቀብህ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? «ከበሮ» አልኳት።

ወርክሾፑን ታውቂዋለሽ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ክፍል ነው። በግራ መጋዙ፣ መሐል ላይ የምልግበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እንደ በሽተኛ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔን የምውለው እዚያ ነው። ይህን ክፍል የሚሞላ ነገር የለሽም? ጠንከር ያለ?

አጎትሽ


ኅዳር 10

ለውድ ጋሼ፣

ጠንከር ያለ ካሉኝማ ጠንከር ያለ ይሁን!

መጀመሪያ ሜሞሪ ካርድ የምትጎርሰውን ትንሿን ስፒከር ልልክልዎ አስቤ ነበር። ሱቃችን ውስጥ ሞልታለች፤ ርካሽ ናት፤ ራዲዮም አላት። ሳስበው ግን የእርስዎ መጋዝ አንዴ ሲያጉረመርም ይውጣታል። ስለዚህ የምር የሆነ ነገር ሠራሁ። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ ከተጋጨ መኪና በር ላይ የተፈቱ ሁለት ስፒከሮች፣ መዳፍ የምታክል አምፕሊፋየር፣ ከሞተ ኮምፒውተር ያወጣሁት የኃይል ሳጥን። ሁሉም ከቆሻሻ የተረፈ ነው። አለቃዬ «ውሰጂልኝ፣ ቦታ ለቀቀልኝ» ነው ያለኝ።

የቀረው የእርስዎ ሙያ ነው። ስፒከር ያለ ሳጥን ዋጋ የለውም። ከወፍራም ጣውላ ሳጥን ይሥሩለት፤ ልኩን በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ በሥዕል አስቀምጫለሁ። መገጣጠሚያውን ሁሉ በማጣበቂያ ይድፈኑት፤ አየር ካሾለከ ከበሮው አብሮ ይሾልካል። ገመዱን ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር። ከዚያ የላክሁልዎትን ስልክ ይሰኩበት።

አደራ፣ ድምፁን ከሩብ በላይ እንዳይከፍቱት! እዚህ ግማሽ ላይ ሳደርሰው ከመደርደሪያ ላይ ሁለት ስልክ ወደቀ። አንደኛው የፖሊስ ነበር።

ሚጢጢዎ


ኅዳር 29

ሚጢጢዬ፣

ተባረኪ! እጅሽ ይባረክ! ሳጥኑን ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር ሠራሁት። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ማዕዘኖቹ እንዴት እንደገጠሙ ብታዪ በመሐላቸው ወረቀት አታስገቢም። ቀለም አልቀባሁትም፤ እንጨቱ ያሳዝናል።

ከበሮው አለ! ሩቅ ነው፣ ሰፈሩ ማዶ ያለ ሠርግ ይመስላል፤ ግን አለ። ጨዋ፣ ለስላሳ ድምፅ ነው ያለው። እስከ መጨረሻው ከፍቼ እሠራለሁ።

ሰው ግን ማጋነን ሲወድ! ከአጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ በሁለተኛው ቀን መጣብኝ። አንገቱ ላይ ሜትሩ ተንጠልጥሏል፣ እጁ ላይ መርፌ ይዟል። «ክር ማስገባት አቃተኝ እኮ! መርፌው በራሱ ይጨፍራል!» አለኝ። እትዬሽም ድስት ክዳኑን ጥሎ ከመደርደሪያ ወረደ ትላለች። ሁለቱም ተማክረው የመጡ ነው የሚመስሉት። እኔ አጠገቡ ቆሜ የምሠራው ሰው ምንም አልሆንኩ!

ለማንኛውም፣ ከዚህ ከፍ ያለ ስፒከር ብታገኚ ልኬቱን ብቻ ጻፊልኝ፤ ሳጥኑን ከወዲሁ እጀምራለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ለውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ካስቀየምኩዎት ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ።

እስከ መጨረሻው ከፍቼ እሠራለሁ አሉኝ። ጋሼ፣ ያ ሳጥን ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ልብስ ሰፊው አላጋነነም። እኔ ብሆን አጠገቡ አንድ ደቂቃ አልቆምም። እርስዎ ግን «ለስላሳ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር። ዓምና ስደውልልዎት «የእትዬ ጉልበት እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩዎት። «አራቱንም እግር ቀይሬ አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ፤ ለአለቃዬም ነገርኩት። ስለ ወንበር የጠየቅኩዎት መስሎዎት ነበር፣ አይደል?

ጋሼ፣ ይሰማዎታል?

ትልቅ ስፒከር አለኝ። መልስዎን ሳላውቅ ግን አልልከውም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእትዬም ቢሆን።

ሚጢጢ


ጥር 22

ሚጢጢዬ፣

ከወር በላይ ዝም ስላልኩሽ ይቅር በዪኝ። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፤ ደብዳቤሽን አጣጥፌ ከሚስማር ጣሳው ሥር ወሸቅኩት። ቀጥሎ አፈርኩ። እፍረቱ ከንዴቱ ይልቅ ረዥም ጊዜ ወሰደብኝ።

አዎ፣ አይሰማኝም። አራት ዓመት ሆነው። ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽን ጋር ስጯጯህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬን እዚያው ትቼው የወጣሁ መሰለኝ። ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት የሚለኝን አውቀዋለሁ ብዬ ነው። እትዬሽ አታውቅም። ከንፈሯን እያየሁ፣ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ነው የማልፈው፤ አንዳንዴ ታዲያ ያለ ቦታው ይነቀነቃል። ባለፈው ሰሞን ዘመዷ መሞቱን ስትነግረኝ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብያታለሁ።

በጥር መጀመሪያ መጋዙ ጠፍቷል ብዬ ቁራጩን ላነሣ እጄን ሰደድኩ። አልጠፋም ነበር። የመሐል ጣቴን ጥፍር ጫፍ ወሰደው። ጥፍሩን ብቻ ነው፤ አትደንግጪ። ለእትዬሽ በር ቆነጠጠኝ አልኳት። በማግስቱ ግን ወርክሾፑን ቆለፍኩት። መሣሪያዎቹን ገዢ እንዲፈልግልኝም ለልብስ ሰፊው ነገርኩት። እንደዚያ ያለ ሳምንት አይምጣብሽ። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል እትዬሽ «ሰላም አሳጣኸኝ» ብላ አባረረችኝ።

አሁን ዋናውን ስሚ! የምጽፍልሽ ለዚህ ነው፤ ጽሑፌ ከተንጋደደ ከደስታ ነው!

ሰኞ ጠዋት ዕቃዎቹን ልሰበስብ ገባሁ። ሳጥንሽን ከልማድ ከፈትኩት። ለእርሱም ማሸጊያ ልለካለት ብዬ እርሳሴን እንደ ወትሮዬ በጥርሴ ነክሼ ጎንበስ ስል የእርሳሱ ጫፍ የሳጥኑን እንጨት ነካ።

ሚጢጢ፣ ዘፈን ሰማሁ!

የንቧን አይደለም! ከበሮው ግንባሬ ውስጥ መጣ! ቀና አልኩ፤ ጠፋ። ጎንበስ አልኩ፤ መጣ። ብቻዬን እንደ ዶሮ ጎንበስ ቀና ስል ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ እርሳሱን ትቼ ክርኔን ሳጥኑ ላይ፣ አገጬን መዳፌ ላይ አደረግኩ። አሁንም አለ! ሴትየዋ ቃሏን አንድ በአንድ ትጥለዋለች፤ ትንፋሽ ስትስብ ሳይቀር ሰማኋት። ከአራት ዓመት በኋላ! እዚያው ተንበርክኬ ሰባት ዘፈን ጨረስኩ።

ለልብስ ሰፊው «ተወው፣ አልሸጥም» አልኩት። አሁን አንቺ ንገሪኝ፦ አብጃለሁ ወይስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

አጎትሽ


የካቲት 4

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

አላበዱም! ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አንብቤ እንደ ሕፃን ዘለልኩ፤ አለቃዬ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎት ቆጣሪውን ሊያጠፋ ሮጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ብቻ አይገባም፤ በአጥንትም ይሄዳል። እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ እርሳሱ ይንቀጠቀጣል፣ ከእርሳሱ ጥርስ፣ ከጥርስ የራስ ቅል። ስለዚህ ትልቁን ስፒከር ይርሱት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልዎት ዕቃ የተበላሸ ይመስላል፤ አይደለም። የስፒከሩን ወረቀት ቀድጄ የሚንቀጠቀጠውን መሐሉን ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ከጠረጴዛዎ ሥር በማጣበቂያ ያጣብቁት፤ ማጣበቂያው አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኙት። አገጭዎን መዳፍዎ ላይ አድርገው ክርንዎን የትም ጠረጴዛው ላይ ቢያሳርፉ ዘፈኑ ይመጣል። ልብስ ሰፊውም መርፌው ውስጥ ክሩን ያስገባል።

ዋናው ግን ገና ነው። ማክሰኞ ዕለት የጆሮ ሐኪም ስልኩን ሊያሠራ መጣ። ስም ሳልጠራ የእርስዎን ነገር አጫወትኩት።

«በእርሳስ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«በጥርሱ ነክሶ።»

«ቃሉን ለይቶታል?»

«ትንፋሿን ሁሉ።»

ስልኩን ረስቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «እንግዲያው ነርቩ አልሞተም! የማሽን ጩኸት ቢሆን የገደለው እርሳስ አያድነውም ነበር። ድምፁ መንገድ ላይ ነው የታገደው። ጆሮ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አጥንት አለች። እሷ ስትደርቅ ድምፅ አታሳልፍም። አውጥተን በሌላ እንተካታለን። ሰውየውን አምጪልኝ!»

እዚያው ለመጋቢት 9 ቀጠሮ ያዝኩልዎት። ሳልጠይቅዎት ነው፤ ይቅርታ። የሚያስፈራውንም ልደብቅዎት አልፈልግም። ከመቶ አንድ ሰው ቀዶ ጥገናው ይበላሽበታል፤ በዚያ ጆሮ ያለችውም ትንሽ ነገር ትጠፋለች። መወሰን የእርስዎ ነው። እባክዎ ግን ከእትዬ ጋር ሆነው ይወስኑ። እኔ አልነግራቸውም፤ እርስዎ ይንገሯቸው።

ሚጢጢዎ


የካቲት 20

ሚጢጢዬ፣

ጠረጴዛው ይዘፍናል! ስለግ መላጊያው በእጄ በኩል ይዘፍናል፤ ስለካ ክርኔ ይዘፍናል። ልብስ ሰፊው መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ዛሬ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?» አለኝ። ጠረጴዛውን አስነካሁት። እጁን አነሣ፣ እንደገና አስቀመጠ፣ ሥሩን ጎንበስ ብሎ አየና «ሚስቴን ልጥራት» ብሎ ሮጠ።

ስለ እትዬሽ የጠየቅሽኝ ነገር… ነገርኳት። ሦስት ቀን ቃሉን ሳዘጋጅ ከርሜ ነው። ማዕድ ቤት ገባሁ፣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ዞራ አየችኝ።

«ጆሮዬ…» ስል፣

«በመጨረሻ!» አለች።

ታውቃለች! ሦስት ዓመት ከምናምን ታውቃለች! «ሁልጊዜ ፊት ለፊትህ እየቆምኩ የማወራህ መልክህ ናፍቆኝ መሰለህ?» አለችኝ። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «አንተ እስክትነግረኝ» አለች። «በሩ ጥፍርህን እንደማይቆነጥጠውም አውቃለሁ፤ ደሙን ከመጋዙ ላይ የጠረግኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ በሽንኩርቱ አመካኝታ አለቀሰች። እኔ የማመካኝበት አልነበረኝም።

ወደ ወርክሾፑ ይዣት ሄድኩ። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ፣ አገጯን መዳፏ ላይ አስደገፍኳት፣ ጆሮዎቿንም በሁለት እጄ ደፈንኩላት። ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዲህ ነው የምትሰማው?» አለች። ስለ አንዱ ከመቶ ስነግራት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብናኝ በእጇ ጠረገች። ቆይታ «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ከተበላሸም ፊት ለፊትህ መቆም ለምጄዋለሁ» አለች።

መጋቢት 7 በጠዋቱ አውቶቡስ እንነሣለን። ፈርቻለሁ ልጄ፤ ግን ሻንጣውን የዘጋሁት እያፏጨሁ ነው፤ ሲያፏጩ ራስ ውስጥ ይሰማል፣ ታውቂያለሽ? መናኸሪያው በር ላይ ጠብቂን።

አጎትሽ


ሚያዝያ 18

ሚጢጢዬ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽ አንድም መልስ ስላላገኘሽ ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ካንቺ ተለይተን አገራችን ስንገባ ጆሮዬ በጥጥ እንደተጠቀጠቀ ነበር፤ ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ እርግጠኛ ሳልሆን ደስ የሚል ነገር ጽፌ በኋላ ላፈርስብሽ አልፈለግኩም። አሁን እርግጠኛ ነኝ።

የሐኪምሽን ወረቀት ይዤ እዚህ ያለው ሆስፒታል ሄድኩና ጥጡን አወጡልኝ። «መጀመሪያ ምን ሰሙ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ልንገርሽ፦ መቀሱ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ። ኪሊል! ደነገጥኩ። ቀጥሎ ሐኪሙ ወደ ኋላ ሲደገፍ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁት። «የኋላ ግራ እግሩ ማጣበቂያ ይፈልጋል» አልኩት። የሚመረምረኝ ሰው ወንበሩን መረመረ፤ እውነቴን ነበር። በጣም ስቆ «ለእርስዎ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም» አለኝ።

ቀኝ ጆሮዬ ነው እንግዲህ፤ ግራው ለከርሞ። ዓለሙ ሁሉ ይጮሃል! ወረቀት ይጮሃል፣ ውሃ ይጮሃል፣ የራሴ ጫማ ይከተለኛል። መጋዙማ ምን ዓይነት አስቀያሚ ድምፅ አለው! ልብስ ሰፊውን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳጥንሽን አሁን ሩብ ላይም አላደርሰውም፤ ሲከፈት ክፍሉን ይሞላዋል፣ ከበሮውም ዘፋኟም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ከትናንት በስቲያ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እልጋለሁ። እትዬሽ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በበሩ አለፈች። ሦስት ዓመት ከጀርባዬ እንደልቧ ማውራት ለምዳለች፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ልማድ እንዳላት ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ዛሬም ምሳውን ረሳ፣ ይኼ ግትር ሽማግሌ» አለች፣ ለራሷ።

ሳልዞር «ግትርስ ልሁን፤ ሽማግሌ የሚለውን ግን አንሺልኝ» አልኳት።

ልብሱ ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ስዞር አፏን በእጇ ይዛለች።

«ሰማኸኝ?»

«ከነቅላጼው።»

«እዚያ ሆነህ? ሳታየኝ?»

«ሳላይሽ።»

ብናኙ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዓመት ከጀርባዬ ስትሰድቢኝ ነው የኖርሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቋን ጨርሳ ተነሣች፣ ልብሱን አንድ በአንድ አራገፈችና በሩ ላይ ስትደርስ፣

«ሁሉም ስድብ አልነበረም» አለችኝ።

ምን እንደነበረ እስካሁን አልነገረችኝም። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ «ድገሚው ቢሉኝ አፍራለሁ» ብላ ትሸሻለች። ስለዚህ ዛሬ ሙዚቃውን አጥፍቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ መላጊያውን በግራ እጄ ይዤ፣ ሥራ ላይ ያለሁ መስዬ ነው። ግቢው ውስጥ እግሯ ይሰማኛል። ጠጠሩ ላይ ደረሰች።

ልተውሽ ልጄ፤ መጣች።